ሰላም በንጉሡ ሠ

ሰኞ፣ ኅዳር 1

የእህቴ ልጅ ከዱባይ የላከልኝ ሜካኒካል ኪቦርድ ዛሬ በሰው እጅ ደረሰኝ። ካርቶኑን የከፈትኩት እዚሁ ፒያሳ፣ ሱቄ ውስጥ፣ ደንበኛ እስኪመጣ ነው። መጀመሪያ የገረመኝ ክብደቱ ነው። አሮጌውን በሁለት ጣት አንጠልጥዬ ነበር አቧራውን የማራግፈው። ይሄኛውን ሳነሳው «ጡብ ነው እንዴ የላከው?» አልኩ።

ሥራዬ ጽሕፈት ነው። በሩ ላይ «ኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» ይላል። የኪራይ ውል፣ ማመልከቻ፣ የእድር ደንብ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ወቅቱ ሲሆን ደግሞ የሠርግ ጥሪ። ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ማታ 1 ሰዓት እጄ ኪቦርድ ላይ ነው። ኪቦርድ ለእኔ እንደ ገበሬ በሬ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

አሮጌው አምስት ዓመት አገለገለኝ። ከቁልፎቹ ሥር አንድ ወጥ የጎማ ምንጣፍ ነበረው፤ ቁልፉን ስትጫኑት ጎማው ይሰምጥና ከታች ካለው ፕላስቲክ ጋር ይገናኛል፣ ፊደሉ ይጻፋል። ጎማው ሲደክም ግን ነገር ይበላሻል። ካለፈው ክረምት ወዲህ የኤ ቁልፍ እስከ ወለሉ ካልደቆስኳት አልጽፍም ብላ ነበር። የግራ እጄ ትንሿ ጣት ማታ ማታ ትጠዘጥዘኝ ጀመር። የእህቴ ልጅ በስልክ ይሄን ሰምቶ ነው የላከው፤ «ጣትሽን ከምታሳክሚ ኪቦርድ ቀይሪ» ብሎ።

ቪዲዮ ላይ ስለ ኪቦርድ የሚያወሩ ሰዎች አይቻለሁ። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው የሚጽፉት። ቀኑን ሙሉ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው እንዴት እንደሆነ የሚነግር ግን አላገኘሁም። ስለዚህ ራሴው ልመዝግብ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

የመጀመሪያው ሙሉ ቀን። አንድ ገጽ የኪራይ ውል በአሮጌው 14 ደቂቃ ነበር የሚፈጅብኝ። ዛሬ 17 ፈጀ። ስሕተቱ አይጣል ነው።

ምክንያቱ ገብቶኛል። እያንዳንዱ ቁልፍ ከሥሩ የራሱ ስዊች፣ የራሱ ሞላ አለው። ሙሉ ጉዞው 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፊደሉ የሚጻፈው ግን ግማሽ መንገድ ላይ፣ 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ነው። እኔ ደግሞ አምስት ዓመት ሙሉ መደቆስ የለመድኩ ሰው ነኝ። ጣቴ ገና ሲያርፍባት ፊደሏ ተጽፋ ታልቃለች። እጄን ቁልፎቹ ላይ አሳርፌ ሳስብ «ጅጅጅ» የሚል መስመር ስክሪኑ ላይ አገኘሁ።

ሌላው ድምፁ ነው። ፎቶ ኮፒውን የምትሠራው ልጅ ከማሽኑ ጀርባ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «እትዬ፣ በረዶ እየጣለ ነው እንዴ?» አለችኝ። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ ማለቷ ነው። የላከልኝ ቡናማ የሚባለውን ስዊች ነው፤ ዝምተኛ ነው ተብሎ። ዝምተኛው እንዲህ ከሆነ ለፍላፊው ምን ሊሆን ነው?

ቀለሞቹን ላስረዳ፣ ሰው ግራ እንዳይገባው። ይሄን የስዊች ዓይነት ያወጣው ቼሪ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1983 አካባቢ። የፈጠራ መብቱ ዘመን ሲያልቅ የቻይና ፋብሪካዎች ተመሳሳዩን ማምረት ጀመሩ፤ የእኔም ከእነሱ አንዱ ነው። ቀለሙ የጠባይ ስም ነው። ቀዩ ያለ ምንም እንቅፋት ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሰማያዊው መሃል ላይ ቀጭ ይላል፤ ሆን ተብሎ እንዲጮህ የተሠራ ነው። ቡናማው መሃል ላይ ትንሽ ጉብታ አለው፣ ጣት ይሰማዋል፣ ጆሮ አይሰማውም። በረዶው የመጣው ከስዊቹ አይደለም፤ ቁልፉን እስከ ታች ስለምደቁሰውና ጠረጴዛው ባዶ ሳንቃ ስለሆነ ነው። ማታ አሮጌ ፎጣ ሁለት ላይ አጥፌ ከሥሩ አነጠፍኩ። ግማሹ ጩኸት ጠፋ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

መብራት ሄዶ በላፕቶፑ ባትሪ ስሠራ ዋልኩ። ኪቦርዱ ከሥሩ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ እያለ ይበራል፤ ሠርግ ቤት ነው የሚመስለው። ባትሪ ይበላል ብዬ አጠፋሁት። መብራት ሲመጣም መልሼ አላበራሁትም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ዛሬ አንድ መምህር የተማሪ ውጤት ይዞ መጣ። 58 ተማሪ፣ ዘጠኝ ትምህርት። ያኔ ነው የቁጥር ሰሌዳ እንደሌለው ትዝ ያለኝ። 87 ቁልፍ ነው ያለው፤ በቀኝ በኩል ያለው የቁጥር ክፍል ተቆርጧል። ቪዲዮዎቹ ላይ «ጠረጴዛ ይቆጥባል» እያሉ ያደንቁታል። ጠረጴዛ ምን ያደርግልኛል? ከላይ ባለው ረድፍ ቁጥር እየፈለግሁ ስጽፍ መምህሩ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አየ። እንደኔ ጽሕፈት ቤት ያላችሁ፣ ባለ 104 ቁልፉን ግዙ። ይሄን ማንም ሳይነግረኝ ነው የገዛሁት፤ ማለቴ የተገዛልኝ።

መፍትሔው አስቂኝ ነው። አሮጌውን ከመሳቢያ አውጥቼ በሌላኛው ዩኤስቢ ሰካሁት። ሁለቱም አብረው ይሠራሉ። አሁን በግራ በኩል ፊደል፣ በቀኝ በኩል አሮጌው ለቁጥር ብቻ።

አሮጌውን ከጎኑ ሳስቀምጠው ግን አንድ ነገር አየሁ። የጠፉት ፊደሎች የትኞቹ ናቸው? ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ፣ ዩ። አምስቱም አናባቢዎች እንደ ዱሮ ሳንቲም ልሰዋል። ከእነሱ ጋር የግራው ሺፍት። የቀኙ ሺፍት ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። ሌሎቹ ገና ይነበባሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የምጽፈው በድምፅ በሚሠራው አቀማመጥ ነው። ኤስን ስመታ «ስ» ትወጣለች፤ ቀጥዬ ኢን ስመታ ያቺው «ስ» ዓይኔ እያየ «ሰ» ትሆናለች። የኤ ቁልፍን ብመታ «ሳ»። ሳድስ ብቻ ነው በአንድ ምት የሚያልቀው። «ጎንደር» አራት ፊደል ነው፣ ስድስት ምት ይፈጃል። «ማመልከቻ» አምስት ፊደል ነው፣ ዘጠኝ ምት። ስለዚህ አናባቢዎቹ ዕረፍት የላቸውም፤ በተለይ ግዕዝና ራብዕ የሚያመጡት ኢ እና ኤ። ሁለቱም በግራ እጅ ናቸው። ኤ ደግሞ የደረሰችው ለትንሿ ጣት።

ሺፍቱም እንደዚሁ። በእንግሊዝኛ ሺፍት የሚያስፈልገው አልፎ አልፎ ነው፣ ለትልቅ ፊደል። በእኛ ግን ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ኘ፣ ዠ፣ ሐ ሁሉም ሺፍት ይፈልጋሉ። ኃምስም ይፈልጋል፤ «ሴ» ለማለት ሺፍትና ኢ። «ጽሕፈት» የምትለዋን ቃል፣ የራሴን ሥራ ስም፣ ለመጻፍ ገና ከመነሻው ሁለት ጊዜ ሺፍት መያዝ አለብኝ። አራት ነጥብ ደግሞ ሺፍት ይዞ አንዷን ቁልፍ ሁለት ጊዜ መምታት ነው። ዓረፍተ ነገር ባጠረ ቁጥር ጣት ይደክማል ማለት ነው። (ጠበቆች ለምን ሙሉ ገጽ በአንድ አራት ነጥብ እንደሚጽፉ አሁን ገባኝ።)

ስለዚህ ለአማርኛ ጸሐፊ ኪቦርድ የሚፈተነው እነዚህ ላይ ነው። ኤ፣ ኢ፣ የግራ ሺፍት። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ከሰዓት ሱቁን ዘግቼ ሥራ ላይ ዋልኩ። ስፔስና የግራው ሺፍት ረዣዥም ስለሆኑ ከሥራቸው ሚዛን የምትጠብቅ የሽቦ ዘንግ አለች። ያቺ ሽቦ ደረቅ ስለሆነች ቁልፉ በተመታ ቁጥር ቅጭልጭል ይላል። ቅባት ያስፈልጋታል ይላሉ። የሚሉት ወፍራም ግራሶ ነው፣ በብሩሽ ጫፍ የሚቀባ።

ግራሶው የለኝም። ቤት ውስጥ ያለው የስፌት ማሽን ዘይት ነው። ዘይት ዘይት ነው አልኩና በመርፌ ሽቦዋ ላይ ጠብ አደረግሁ። ወዲያው ጸጥ አለች። ደስ ሲለኝ ደግሞ ማቆም አላውቅበትም። «ትንሽ ትለስልስ» እያልኩ ኤ፣ ኢ፣ ኤስ እና ኤን ላይ ቆባቸውን እያነሳሁ ስዊቹ መሃል አንድ አንድ ጠብታ ጨመርኩ። (የቁልፉን ክዳን ቆብ እያልኩ ነው የምጠራው። እዚህ ከተማ ቆብ ብዙ ስለሚታይ መሰለኝ።) ሲጫኑ እንደ ቅቤ ሆኑ።

ይሄን ቀን ልብ በሉልኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

የኪራይ ውሉ 13 ደቂቃ። አሮጌውን አለፍኩት! መደቆስ እየተውኩ ነው። ጉብታውን ጣቴ ሲያልፋት ትሰማለች፤ እዚያው ትመለሳለች። ትንሿ ጣት ማታ አልጠዘጠዘችም።

እናቴ ከገበያ ስትመለስ ጎራ አለች። ታይፒስት ነበረች፤ 22 ዓመት መሥሪያ ቤት ውስጥ በአማርኛ ኦሊቬቲ ስትጽፍ ኖራለች። ድምፁን በር ላይ ሆና ሰማችና ሳቀች። «ይሄማ የኔው ነው» አለች። ቁጭ ብላ ሁለት መስመር ሞከረች። አካሄዱን አታውቀውም፣ ግን ጀርባዋ ቀጥ፣ አንጓዋ ከፍ፣ ጣቶቿ እንደ ጥንቱ ከላይ ወደ ታች።

«እማዬ፣ አሁን እኮ አንድ ፊደል ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ነው የምንመታው» ስላት፣ «እኛስ ምን ስናደርግ ነበር?» አለችኝ። እውነቷን ነው። የአማርኛን ታይፕ መኪና መጀመሪያ ያበጁት ኢንጂነር አያና ብሩ የገጠማቸው ችግር ይሄው ነበር። ሠላሳ ሦስቱ ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ይመጣል፤ መኪናው ያን ያህል ቁልፍ የለውም። ስለዚህ የፊደሉን አካል መትቶ እግሩን ወይም ቀለበቱን በሌላ ምት መቀጠል ነበር ዘዴው። እናቴ «ቅጥያውን ረስቼ ስንት ደብዳቤ ቀድጃለሁ መሰለሽ» አለች። ቡናዋን ጠጥታ ሄደች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ትልቅ ሥራ መጣ። አንድ የቅኔ መምህር የደብራቸውን ታሪክ በእጃቸው ጽፈው፣ ሁለት ደብተር ሙሉ፣ ራሳቸው ይዘውት መጡ። በየኔታ ነው የምንጠራቸው። የእጅ ጽሕፈታቸው ብራና ላይ የተጻፈ ነው የሚመስል፤ መስመር የሌለው ወረቀት ላይ እንኳ አይዘምም።

«ፊደሉን ጠብቂልኝ ልጄ» አሉኝ። «እንደጻፍኩት። እሳቱን ከንጉሡ እንዳታቀላቅይብኝ።»

«አይዞዎት የኔታ» አልኩ። ሃያ ገጽ በሳምንት ላደርስ ተስማማን።

ለማያውቅ ልንገር። በንባብ አንድ ሆነው በጽሕፈት የሚለያዩት ፊደሎቻችን መጠሪያ አላቸው። እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ። ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ሱቅ ውስጥ ማመልከቻ ሲጻፍ ማንም አይጠይቅም። የቅኔ ቤት ሰው ፊት ግን ቀልድ የለም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። ኅዳር ሲታጠን ነውና ሰፈሩ ሁሉ ከማለዳው ቆሻሻ እያቃጠለ በጭስ ታፈነ። በ1911 ዓ.ም. ያ የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀ ወዲህ ልማድ ሆኖ ቀርቷል። እኔም እግረ መንገዴን ሱቁን ጠራረግሁ፣ የኪቦርዱን ቆቦች አውልቄ በለብታ ውኃ አጠብኩ። መልሶ መግጠሙ ግማሽ ቀን ወሰደ። ከማውለቄ በፊት በስልክ ፎቶ ማንሳት ነበረብኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

የኔታ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ገጾች ሊያዩ መጡ። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። የመጀመሪያውን ገጽ አነበቡና ዝም አሉ። ሁለተኛውን አነበቡ። ከዚያ ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አሳርፈው በመነጽሩ በላይ አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን አድርጌሽ ነው?»

ደነገጥኩ። ጣታቸውን አንድ ቃል ላይ አሳረፉ። «ሠላም» ይላል። በንጉሡ ሠ። ዝቅ ብሎ «ክርሥቶስ»። ሌላ ገጽ ላይ ደግሞ «ሥላሤ»።

«የመጀመሪያዋ ንጉሡ ናት፣ ልክ ነሽ» አሉኝ። «የኋለኛዋ እሳቱ ናት። አንድ ቃል ውስጥ ሁለቱም አሉ፤ ለዚያ ነው ደቀ መዝሙር የሚፈተንባት። አንቺ ሁለቱንም አነገሥሻቸው።»

እኔ በእሳቱ ነበር የጻፍኩት። እምላለሁ በእሳቱ ነበር። ግን ወረቀት ላይ ያለው ንጉሡ ነው፤ ምን ብዬ ልከራከር? አፍሬ «አርሜ እጠብቅዎታለሁ» አልኩ። እሳቸውም ሳይቆጡ ተነሡ። ያ ነው የባሰብኝ። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጠዋት ሱቅ ስከፍት መጀመሪያ ያደረግሁት አማርኛውን ማጥፋት ነው። ባዶ ገጽ ከፍቼ በእንግሊዝኛው የኤስን ቁልፍ እየቆጠርኩ 100 ጊዜ መታሁ። ስክሪኑ ላይ የወጣው 107 ነው።

ሰባት ጊዜ ያልመታሁትን መትቶልኛል። አንዴ ስነካው ሁለት ጊዜ እንደነካሁት ይቆጥራል። በእኔ አቀማመጥ ደግሞ ኤስ ሁለት ጊዜ ሲመታ የሚወጣው ንጉሡ ሠ ነው! ዘዴው ራሱ እንደዚያ ነው፤ አንድ ኤስ እሳቱ፣ ሁለት ኤስ ንጉሡ። በእንግሊዝኛ ቢሆን ፊደሉ ተደግሞ ይታይ ነበር፣ ዓይን ወዲያው ይይዘው ነበር። በአማርኛ ግን ስሕተቱ ስሕተት አይመስልም። ሌላ ትክክለኛ ፊደል ሆኖ፣ አምሮ፣ ቦታውን ይዞ ይቀመጣል። ለዚህ ነው ያላየሁት።

የስዊቹ ነው ወይስ የቦርዱ? ይሄን ለመለየት ስዊቾቹን አለዋወጥኩ። ይሄ ኪቦርድ ስዊቹ በብየዳ አልተያያዘም፤ ይነቀላል፣ ይሰካል። አብሮት በመጣው መንቀያ የኤስን አውጥቼ ፈጽሞ ወደማልነካት ኤፍ 12 ወሰድኩ፣ የእሷን ወደ ኤስ አመጣሁ። እንደገና 100 ጊዜ ኤስን መታሁ። ልክ 100። ኤፍ 12 ቦታ የሄደው ስዊች በሽታውን ይዞ ሄዷል። ስለዚህ ቦርዱ ጤነኛ ነው።

የታመመውን ስዊች ከላዩ ያሉትን ጥርሶች በቀጭን ካቻቢቴ ፈልቅቄ ከፈትኩት። ውስጡ ሞላ አለ፣ ሞላው ላይ የሚቀመጥ ቡናማ ግንድ አለ፣ በአንድ ጎን ደግሞ ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ቅጠሎች። ግንዱ ሲወርድ ቅጠሎቹ ይነካካሉ፤ ፊደል ማለት ያች ንክኪ ናት። በወረንጦ ቅጠሉን ነካሁት። ያንጸባርቃል። ጣቴን ባደርግበት ያዳልጣል።

የስፌት ማሽን ዘይት።

ቀጭን ዘይት ያስቀመጡት ቦታ አይቀመጥም። ቀስ እያለ ተስቦ ቅጠሎቹ ላይ ደርሷል፤ ኅዳር 12 ያ ሁሉ ጭስና አመድም በላዩ ተለጥፎበታል። ቅጠሎቹ ሲገናኙ ጥርት ብለው አይገናኙም፣ ይንቀጠቀጣሉ፤ ኮምፒውተሩም ሁለት ጊዜ ተነካሁ ብሎ ያምናል። ለሽቦዋ የበጀ ዘይት ለስዊቹ መርዝ ነበር። የላከልኝን ልጅ ልወቅስ ስልክ አንስቼ ነበር። መልሼ አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ጥገና። ከኪቦርዱ ጋር አራት ትርፍ ስዊች በትንሽ ላስቲክ መጥቷል። ዘይት የጠጡትም አራት ናቸው፤ ኤ፣ ኢ፣ ኤስ፣ ኤን። እግዜር ሲያመጣው እንዲህ ነው።

የመጀመሪያዋን ስሰካ ቸኮልኩና አንዷን ፒን አጠፍኳት። ከሥር ሁለት የመዳብ እግሮች አሏት፣ እንደ ዝንብ እግር የቀጠኑ። ቀጥ አድርጋችሁ ካልገፋችኋት ትተኛለች፤ ቁልፏም ጨርሶ አይጽፍም። በወረንጦ ቀስ ብዬ አቃናኋት። ሁለት ጊዜ ከታጠፈች ትሰበራለች ብዬ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ገባች። ሌሎቹን ሦስቱን በአውራ ጣት ሳይሆን ከላይ በመዳፌ ቀጥ አድርጌ ገፋኋቸው፣ ቀጭ ብለው ገቡ።

የወጡትን በንጹሕ አልኮል አጥቤ አደረቅኋቸው። ሦስቱ 100 በ100 ሆኑ። የኤስ ግን አሁንም 102 ይላል። እሱን ጣልኩት።

የግራው ሺፍት ሽቦ ላይ ያለውን ዘይት ጠርጌ እውነተኛ ግራሶ ቀባሁ። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ካለ የሞተር ብስክሌት ጠጋኝ ነው ያገኘሁት። በክብሪት እንጨት ጫፍ አንድ ነጥብ ብቻ። «ለምንሽ ነው?» ሲለኝ «ለኪቦርድ» አልኩት። ኪቦርድ ስለው የሙዚቃውን መሰለውና «አርጋኖን በቅባት?» ብሎ ሳቀ።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

እርማት። እዚህ ላይ ነው ዋጋ የከፈልኩት።

መጀመሪያ ያሰብኩት ቀላል ነበር፤ ሠን ሁሉ ፈልጎ በሰ መተካት። አይሆንም። «ሥጋ» አለ፣ «ንጉሥ» አለ፣ «መሠረት» አለ፣ «ሥርዓት» አለ፣ «ምሥራቅ» አለ። እነዚህ ንጉሡን የሚፈልጉ ናቸው። ጅምላ ብተካ «ንጉስ» እያልኩ የኔታን ሁለተኛ ላስለቅስ ነው።

ደግሞም ፍለጋው አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሰባት ጊዜ ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ (የዓለም ፊደሎች ለኮምፒውተር ቁጥር በሚያገኙበት መዝገብ) ሲገባ፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ እያንዳንዱ ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ የየራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ለኮምፒውተሩ «ሠ» እና «ሥ» ዘመድ አይደሉም። «ሠ» ብላችሁ ብትፈልጉ «ሥ»ን አያሳያችሁም። ስለዚህ ሠ፣ ሡ፣ ሢ፣ ሣ፣ ሤ፣ ሥ፣ ሦ እያልኩ በየተራ ፈለግሁ፤ ያገኘሁትን እያንዳንዱን ከደብተራቸው ጋር አስተያየሁ። ሃያ ገጽ። ሁለት ቀን። የኤንና የአናባቢዎቹ ድግግሞሽ ቀላል ነበር፤ ያላግባብ የተንጠለጠለች «አ» መሃል ቃል ላይ ዓይን ትወጋለች።

አንድ ጥቅም አገኘሁ ግን። 43 ቦታ አርሜ ስጨርስ የትኛው ቃል በየትኛው እንደሚጻፍ ከእጄ ገባ። ማመልከቻ ላይ እንኳ «ሥራ» ስጽፍ አሁን ኤስን ሁለት ጊዜ እመታለሁ። ማንም አይጠይቀኝም፣ ግን እመታለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

የኪራይ ውሉ 11 ደቂቃ ተኩል። የቀኙን ሺፍት መልመድ ጀምሬያለሁ። ጠ፣ ጨ እና ጸ በግራ እጅ የሚመቱ ናቸው፤ ሺፍቱን በቀኝ መያዝ ነበረብኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ሁሉን በግራ ትንሿ ጣት አሸክሜያት ነው ያበጠችው። ለውጡ ቀርፋፋ ነው። «ጠዋት» ስጽፍ እስካሁን እጄ ወደ ግራ ይሮጣል።

ፎቶ ኮፒዋ ልጅ ድምፁን ለመደችው። ትናንት ደንበኛ ሳዋራ ቆይቼ፣ «እትዬ፣ ዛሬ አልሠራሽም መሰለኝ፣ በረዶው ጠፋ» አለችኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 29

የኔታ የተስተካከለውን ሊወስዱ መጡ። ከፊታቸው ቆሜ ጠበቅሁ፤ ፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ። ገጽ በገጽ ሄዱ። «ሰላም» በእሳቱ። «ሥላሴ» እንደሚገባት። አስራ አራተኛው ገጽ ላይ ቆሙ።

«ይቺ አምልጣሻለች።»

«ምስራቅ» ይላል፣ በእሳቱ ስ። ደሜ ቀዘቀዘ። ደብተራቸውን ገለበጥኩ፣ ቦታውን አገኘሁና ፊታቸው ዘረጋሁት። በእጃቸው፣ በዚያ ባማረ ጽሕፈታቸው፣ «ምስራቅ» ብለዋል።

ጠጋ አድርገው አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉትና እንደገና አዩት።

«እንግዲህ» አሉ፣ «የኔንም ዘይት ነክቶት ይሆናል።»

የዘይቱን ነገር ፎቶ ኮፒዋ ልጅ ነግራቸው ኖሯል። ተሳሳቅን። ሥን አስተካክዬ ያንን ገጽ እንደገና አተምኩላቸው። ሁለተኛውን ደብተር ጠረጴዛው ላይ፣ ከአሮጌው ኪቦርድ አጠገብ፣ አስቀምጠውልኝ ሄዱ።